ዐፄ ሱስንዮስ

ከእንጅባራ ከተማ በስተምሥራቅ ያለውን ደጋ አቋርጣችሁ ወደ ሰከላ ብትዘልቁ፣ በግሽ ተራራ ግርጌ አንድ ረግረጋማ መስክ ታገኛላችሁ። የዓባይ ወንዝ ምንጭ ከዚያ መስክ ውስጥ ይፈልቃል። ሰከላ ዛሬ ከአዊ ዞን ውጭ ብትሆንም፣ በጥንቱ ዘመን አገው ምድር ይባል ከነበረው አገር አንዷ ክፍል ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1618 በሚያዝያ ወር አንድ ንጉሥ ከነሠራዊታቸው በዚህ አካባቢ ሰፍረው ሳለ፣ አብረዋቸው ይጓዙ የነበሩ አንድ ስፔናዊ መነኩሴ ወደ ምንጩ ወጥተው አዩት። የጥንት ታላላቅ ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያልቻሉትን ነገር ለማየት በመታደላቸው እጅግ መደሰታቸውንም በኋላ በጻፉት የታሪክ መጽሐፍ ገልጠዋል። መነኩሴው አባ ፔድሮ ፓኤዝ፣ ንጉሡ ደግሞ ዐፄ ሱስንዮስ ነበሩ።

የአገሩ ሰው ግን በዚያ ቀን የመነኩሴውን ደስታ የተካፈለ አይመስለኝም። የንጉሥ ጦር የሚሰፍርበት አገር ከብቱ ይነዳል፣ ጎተራው ይራቆታል። ተማሪዎች፣ የዚህን ንጉሥ ሕይወት ስታነቡ ሁለቱን እይታዎች፣ የመነኩሴውንና የባላገሩን፣ አጣምራችሁ እንድትይዙ አደራ እላችኋለሁ። በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውንም ከወዲሁ ልብ በሉ።

ሱስንዮስ የተወለዱት በአሥራ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማገባደጃ፣ በ1570ዎቹ ዓመታት ውስጥ ነው። አባታቸው አቤቶ ፋሲል የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ስለ ነበሩ፣ ሱስንዮስ ከንጉሣዊው ዘር ይቈጠሩ እንጂ የዙፋን ወራሽ ተብለው የሚጠበቁ አልነበሩም። ገና ልጅ ሳሉ የኦሮሞ ጦረኞች አባታቸው ያሉበትን አገር ወረሩ፤ አባትየው ተገደሉ፤ ልጁም ተማረኩ። ከአንድ ዓመት በላይም ከማረኳቸው ሰዎች ጋር ኖሩ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ቋንቋቸውን፣ የፈረስ ግልቢያቸውንና የጦር ስልታቸውን ተማሩ። ይህ የምርኮ ዘመን በኋላ ለንጉሥነት ያበቃቸው ትምህርት ቤት ሆነ ብንል ከእውነት አንርቅም፤ ምክንያቱም ሱስንዮስ ዙፋኑን ለመያዝ በተነሡ ጊዜ ከተከተሏቸው ሰዎች ብዙዎቹ ኦሮሞዎች ነበሩና።

በ1597 ዐፄ ሠርፀ ድንግል ሲሞቱ መኳንንቱ አገሩን በእጃቸው ለማቆየት ሲሉ ሕፃኑን ያዕቆብን አነገሡ። ስድስት ዓመት ቆይተው ያዕቆብን አውርደው ዘድንግልን አነገሡ። ዐፄ ዘድንግል ግን ወደ ካቶሊክ መነኮሳት ማዘንበላቸው በታወቀ ጊዜ፣ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሠራዊቱን ከታማኝነት መሐላው ፈቱት፤ ንጉሡም በ1604 በጦር ሜዳ ወደቁ። ይህን ነገር በሚገባ አስተውሉት። አንድ ንጉሥ በሃይማኖት ምክንያት ዙፋኑንና ሕይወቱን ማጣቱን ሱስንዮስ በዐይናቸው አይተዋል። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ እርሳቸውም በዚያው መንገድ መሄዳቸው፣ ከሕይወታቸው ሁሉ ለመረዳት እጅግ የሚያስቸግረው ክፍል ነው።

ከዘድንግል ሞት በኋላ ያዕቆብ ተመልሰው ነገሡ። ሱስንዮስም በበኩላቸው ንግሥናው ለእኔ ይገባል ብለው ተነሡ። በጎጃም፣ በሸዋና በወለቃ እየተዘዋወሩ ጦር ሲያሰባስቡ ቆዩ። በመጨረሻም በ1607 በመጋቢት ወር በጎጃም ውስጥ ጎል በተባለው ስፍራ ሁለቱ ወገኖች ተጋጠሙ። በዚያ ውጊያ ዐፄ ያዕቆብም፣ ከእርሳቸው ጋር የዘመቱት አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ። በማግሥቱ ሱስንዮስ ብቸኛው ንጉሥ ሆኑ። በ1608 ወደ ትግራይ ወርደው በአክሱም ጽዮን በጥንቱ ሥርዓት ዘውድ ጫኑ።

ዘውድ መጫን ግን አገር መያዝ አልነበረም። የሞቱት ንጉሥ ያዕቆብ አልሞቱም፣ እኔ ነኝ የሚል አስመሳይ በትግራይ ተነሣ። መኳንንቱ በየግዛታቸው የየራሳቸው ጦር ነበራቸው። በደቡብና በምዕራብ ያለው ወሰን በየዓመቱ ይገፋ ነበር። ንጉሡ የዘመናቸውን አብዛኛውን ክፍል በድንኳን ያሳለፉት በዚህ ምክንያት ነው። በጎጃም ውስጥ የወሰኑን አገር እንዲጠብቁላቸው በማለት የተገዙላቸውን የኦሮሞ ወገኖች በአገው ምድር አጠገብ አሰፈሩ። ዛሬ በጎጃም ከሚጠሩት የአገር ስሞች መካከል ከዚያ ሰፈራ የቀሩ አሉ።

በአገው ምድር ላይም ደጋግመው ዘምተዋል። የንጉሡ ዜና መዋዕል እነዚህን ዘመቻዎች እንደ ድል ይቈጥራቸዋል፤ የተነዳውን ከብትና የተማረከውን ሰው እያነሣም ያወድሳል። የአገው ሕዝብ በዚያን ጊዜ ክርስትና በከፊል የደረሰው፣ የአባቶቹን ልማድም ያልተወ ነበር። ፓኤዝ ወደ ዓባይ ምንጭ በወጡበት ጊዜ የአገሩ ሰዎች በየዓመቱ በዚያ ላም እያረዱ መሥዋዕት ያቀርቡ እንደ ነበር ጽፈዋል። አገዎቹ ከንጉሡ ጋር የተጣሉት በባሕርየ ክርስቶስ ትምህርት አልነበረም፤ ግብር ስለ በዛባቸውና ከብታቸው ስለ ተነዳ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በኋላ የሃይማኖት ጦርነት የሚባለውን ነገር ስታነቡ ከሥሩ ስንት ዓይነት ቂም እንደ ተቀበረ እንድትመለከቱ ነው።

አሁን ወደ ፓኤዝ እንመለስ። ፓኤዝ የኢየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ነበሩ። የመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ በባሕር ላይ ተይዘው በየመን ሰባት ዓመት ያህል በእስር ማቀቁ። ከዚያ ተፈትተው በ1603 በምጽዋ በኩል ገቡ። ግእዝንና አማርኛን አጠኑ፤ በጎርጎራ ለንጉሡ በድንጋይና በኖራ ሕንፃ አሠሩ። በጠባያቸው ለስላሳ፣ በንግግራቸው ትዕግሥተኛ ነበሩ። የአገሩን ልማድ በአንድ ጊዜ ለመገልበጥ ባለመቸኰላቸውም ብዙ ሰዎች ወደዷቸው። ሱስንዮስ ከእኒህ ሰው ጋር የነበራቸው ወዳጅነት ከልብ እንደ ነበር መጠራጠር አይገባም።

ይሁን እንጂ ወዳጅነት ብቻ አልነበረም። ንጉሡ ለስፔንና ለፖርቱጋል ንጉሥ ለፊልጶስ ሣልሳዊና ለሮማው ፓፓ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ከሃይማኖቱ ጉዳይ ጋር ወታደር እንዲላክላቸው ይጠይቁ ነበር። ከሰባ ዓመት ያህል በፊት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ አራት መቶ ያህል ፖርቱጋላውያን ጠመንጃ ይዘው መጥተው ያደረጉት እርዳታ በሰው ልብ ውስጥ ገና አልጠፋም ነበር። ንጉሡ ያን የመሰለ ጦር ቢያገኙ፣ ያለ መኳንንቱ ፈቃድ አገር የሚገዙ ንጉሥ እሆናለሁ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። በ1613 አባ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የተባሉትን መነኩሴና ፍቁረ እግዚእ የተባሉትን መልእክተኛ በእናርያ በኩል አድርገው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ለመላክ ሞከሩ። መልእክተኞቹ ከንባታን ካለፉ በኋላ መንገዱ ስለ ተዘጋባቸው ተመለሱ። ጦሩም አልመጣም። ሃይማኖቱ ግን መጣ።

የሃይማኖቱ ክርክር ምን ነበር? ባጭሩ ላስረዳችሁ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ መለኮትና ሥጋ ያለ መለያየትና ያለ መደባለቅ ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ሆኑ ብላ ታስተምራለች፤ ተዋሕዶ የሚለው ቃል የመጣው ከዚህ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በአንድ አካል ሁለት ባሕርይ አለ ትላለች። ይህ ክርክር በ451 ከተደረገው ከኬልቄዶን ጉባኤ ጀምሮ የቆየ ነው። ሊቃውንቱ በንጉሡ ፊት በመጻሕፍት ተከራከሩበት። ለባላገሩ ግን ነገሩ በሌላ መልክ ነበር የሚታየው። ቅዳሜ መከበር አለበት ወይስ የለበትም? ሕፃን ይገረዝ ወይስ አይገረዝ? ጾሙ መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል? ልደትና ፋሲካስ በየትኛው ቀን ይውላሉ? ሰው ማንነቱን የሚያውቀው በእነዚህ ነገሮች ነበር። ቅዳሜ በሬውን ጠምዶ ሲያርስ የታየ ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ የንጉሡ ወገን ተባለ፤ ያላረሰውም የጳጳሱ ወገን። እንዲህ ያለ ወሰን በካርታ ላይ አይሰመርም። በመንደር መካከል፣ አንዳንዴም በአንድ ጎጆ ውስጥ ያልፋል።

በንጉሡ ቤት ያለፈውን ወሰን ተመልከቱ። ወንድማቸው ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከንጉሡ ቀድመው ካቶሊክ ሆኑ። ጎጃምን በገዙበት ዘመንም አዲሱን ሃይማኖት በአገው ምድር ጭምር በሰይፍም በስብከትም አስፋፉ። ሌላው ወንድማቸው የማነ ክርስቶስ ግን ከተዋሕዶ ወገን ቆሙ። አማቻቸው ዮልዮስ በ1617 ከጳጳሱ ከአቡነ ስምዖን ጋር ሆነው ሸፈቱ፤ በውጊያውም ሁለቱም ተገደሉ። ንግሥቲቱም የባላቸውን ሃይማኖት አልተቀበሉም ነበር። ልጃቸው ፋሲለደስ ደግሞ ዝም አሉ። ያ ዝምታ ምን ያህል እንደ ከበደ በኋላ ታያላችሁ።

ከንጉሡ ቤት ውጭም አንዲት ሴት ነበረች፤ ወለተ ጴጥሮስ። ባሏ ከንጉሡ ታላላቅ የጦር አዛዦች አንዱ ነበር። አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከነገሩ ውስጥ እንደ ነበረበት ባወቀች ጊዜ፣ ትዳሯንና ማዕርጓን ትታ መነኰሰች። በየአገሩ እየተዘዋወረችም ሕዝቡ አዲሱን ሃይማኖት እንዳይቀበል አስተማረች። ንጉሡ አስይዘው በችሎት አቆሟት፤ ዠበይ ወደ ተባለው በረሃማ ቆላም አጋዟት። እርሷ ግን በግዞት ሳለች ተከታዮችን ሰበሰበች። ከሞተች ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ በ1672 ገድሏ በግእዝ ተጻፈ። ገድሉን የምታነቡ ሰዎች፣ የባሏ ስም መልክአ ክርስቶስ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ከምጠቅሰው የላስታ መልክአ ክርስቶስ ጋር እንዳታምታቱት ተጠንቀቁ። እኔ ራሴ በመምህርነት ዘመኔ አምታትቼ አስተምሬ፣ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ አርሞኛል።

በ1622 ንጉሡ ሃይማኖታቸውን በይፋ ገለጡ። ከአንዲቱ በቀር ሚስቶቻቸውን አሰናብተው ለፓኤዝ ተናዘዙ። ፓኤዝም ብዙ ሳይቆዩ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በጎርጎራ ሞቱ። ይህ ሞት የታሪኩ መታጠፊያ ሆነ። የሮማው ፓፓ የላኳቸው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ በ1625 በአፋር ጠረፍ በኩል ገቡ፤ በ1626 በየካቲት ወር ንጉሡ፣ ፋሲለደስና መኳንንቱ በተሰበሰቡበት ጉባኤ ለሮማው ፓፓ የመታዘዝ መሐላ ተፈጸመ። ሜንዴዝ የተማሩ፣ ግን ፓኤዝን ፈጽሞ የማይመስሉ ሰው ነበሩ። ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፣ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፣ ታቦታቱና አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ አሉ። ግዝረትን ከለከሉ። የበዓላቱን ቀን በሮማውያን አቆጣጠር ለወጡ። አንድ የታወቁ እጨጌ በካቶሊክ ሥርዓት በተባረከ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በመቀበራቸው ዐፅማቸው ተቆፍሮ እንዲወጣ መደረጉ ደግሞ የሕዝቡን ልብ ከሁሉ ይበልጥ አቈሰለው።

አንድ ሰው አስቡ። አያቱ፣ አባቱ፣ እርሱም ተጠምቀዋል፤ አሁን ግን እንደ ገና ተጠመቅ ተባለ። ይህ ትእዛዝ የሚነግረው ምንድር ነው? አያትህ ክርስቲያን አልነበሩም፣ የቀበርካቸው ዘመዶችህም አልዳኑም የሚል ነው። ባላገሩ የባሕርይን ክርክር ላያውቅ ይችላል፤ ይህን ግን አሳምሮ ያውቃል። የሜንዴዝ ስሕተት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ዓመጹ ከየአቅጣጫው ተነሣ። በትግራይ የንጉሡ አማች ተክለ ጊዮርጊስ በ1628 ሸፍተው ተይዘው ተሰቀሉ። በ1629 የላስታ አገዎች መልክአ ክርስቶስ የተባሉትን የነገሥታት ዘር በራሳቸው ላይ አንግሠው ተነሡ። ላስታ ገደላገደል ነው፤ የንጉሡ ጦር ወደዚያ በወጣ ቁጥር ተሸንፎ ይመለስ ነበር። የላስታ ገበሬዎች ያነሡት ዓላማ የተዋሕዶ ሃይማኖት ነበር፤ ይሁንና ከሃይማኖቱ ጋር የግብርና የአገዛዝ ብሶትም አብሮ ተነሥቷል። በቃል የሚተላለፈው የአዊ አገው ትውፊት አባቶቻቸው ከላስታ አካባቢ የመጡ ሰባት ወንድማማቾች ናቸው ስለሚል፣ የእንጅባራና የዳንግላ ልጆች ይህን ክፍል የሩቅ ዘመዶቻቸው ታሪክ አድርገው ሊያነቡት ይችላሉ። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። አገው በላስታ የተዋሕዶን ሰንደቅ ሲያነሣ፣ በጎጃም ያለው አገው ከካቶሊኩ ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ጦርም፣ ከዚያ በኋላ ከመጡት የኦርቶዶክስ ነገሥታት ጦርም ጋር ተዋግቷል። ሃይማኖት የሰውን ወገን ይነግረናል የምንል ከሆነ እዚህ ላይ መልስ ያጥረናል።

በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ምን ላይ እንደ ነበር ጥቂት እንመልከት። ፓኤዝ የዓባይን ምንጭ ባዩበት በ1618 በጀርመን አገር በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል ለሠላሳ ዓመት የዘለቀው ጦርነት ተጀመረ። የእንግሊዝ ንጉሥ ጄምስም ከ1609 ጀምሮ በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል፣ በአልስተር፣ ከካቶሊኮች የተወሰደውን መሬት ከስኮትላንድና ከእንግሊዝ ለመጡ ፕሮቴስታንቶች ያድል ነበር። ሱስንዮስ በጎጃም ወሰን ታማኝ ሰዎችን ሲያሰፍሩ የተከተሉት አሳብ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአልስተር የሰፋሪና የነባር ጠብ ከሃይማኖት ጋር ተጣብቆ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላለፈ፤ በ1921 ደሴቲቱን ለሁለት የከፈለ ወሰን ተሰመረ፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሰሜኑ ክፍል በተነሣው ብጥብጥም ከ3,500 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ አገር ካቶሊክ ወይም ፕሮቴስታንት መባል ስለ ቅዳሴ ብቻ የሚነገር ቃል አልነበረም፤ ከደሴቲቱ ጋር አንድ መሆን ትፈልጋለህ ወይስ ከብሪታንያ ጋር መቆየት የሚለውን ጥያቄ ያዘለ ነበር። በ1998 ስምምነት እስኪፈረም ድረስ ጠቡ አልበረደም። በእኛ አገር የተነሣው የሱስንዮስ ዘመን ጠብ ግን ከዚያ ባጠረ ጊዜ፣ በአንድ ሰው ውሳኔ ቆመ።

በ1632 በሰኔ ወር የመልክአ ክርስቶስ ጦር ከላስታ ወርዶ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ወይና ደጋ ድረስ ደረሰ። ንጉሡና ፋሲለደስ ወጥተው ገጠሙት። ድሉ የንጉሡ ሆነ። ስምንት ሺህ ያህል ዓመፀኞች በአንድ ቀን እንደ ወደቁ ይነገራል። ብዙዎቹ ከማረሻ ሌላ መሣሪያ ይዘው የማያውቁ ገበሬዎች ነበሩ። በማግሥቱ ፋሲለደስ አባታቸውን በሬሳው መካከል እንዳሳለፏቸው ይተረካል፤ የወደቁት እስላሞችም አረመኔዎችም ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቻቸው መሆናቸውንና እንዲህ ያለው ድል ሽንፈት መሆኑን ነገሯቸው። ለዓመታት ዝም ያሉት ልጅ ዝምታቸውን የሰበሩት በዚህ ሜዳ ላይ ነበር።

ሱስንዮስ ወደ ደንቀዝ ተመለሱ። ሰውነታቸው ደክሞ፣ ልባቸውም ተሰብሮ ነበር። ፓትርያርኩ ቀደም ብለው አንዳንድ ሥርዓቶችን ለማላላት ፈቅደው ነበር፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበር። በዚያው በሰኔ ወር አዋጅ ተነገረ። የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ፣ ካህናቱ ወደየአጥቢያቸው እንዲገቡ ታዘዘ፤ ንጉሡም ዙፋኑን ለፋሲለደስ መልቀቃቸውን አስታወቁ። ሕዝቡ በየአደባባዩ በእልልታና በዘፈን ደስታውን ገለጠ። ተማሪዎች፣ አንድ ጊዜ በጥሞና አስቡት፤ አንድ ንጉሥ ሃያ አምስት ዓመት በነገሡበት አገር፣ ዙፋናቸውን በመልቀቃቸው ሕዝብ እልል ሲል ከእልፍኛቸው ሆነው ይሰማሉ።

በአስተማሪነት ዘመኔ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ አንብቤ፣ ንጉሡ ሥልጣናቸውን የለቀቁት ስለ ተሸነፉ ነው ወይስ ስላሸነፉ ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሶቹ ፈሪ አሏቸው፤ ዓመፁ እንደማያባራ ስላወቁ ነው አሉ። ገሚሶቹ ግን ካሸነፉ በኋላ መልቀቅ ከመሸነፍ በኋላ ከመልቀቅ ይከብዳል ብለው ተከራከሩ። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አዘነብላለሁ። ይሁንና ንጉሡ ያንን ውሳኔ ከወይና ደጋ በፊት ቢወስኑት ኖሮ ስምንት ሺህ ሰው በሕይወት ይቆይ ነበር፤ ይህንም ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

ሱስንዮስ ከዚያ በኋላ የኖሩት ከሦስት ወር ያልበለጠ ጊዜ ነው። በ1632 በመስከረም ወር ሞቱ፤ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስም ተቀበሩ። ሞታቸውም ቢሆን ከክርክር አላመለጠም። ካቶሊኮቹ መነኮሳት ንጉሡ በተቀበሉት ሃይማኖት ጸንተው አረፉ ብለው ጽፈዋል። በእኛ አገር በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ ግን ንጉሡ ምላሳቸው ተጎልጉሎ ሲሠቃዩ ቆይተው፣ የቀደመው ሃይማኖት እንዲመለስ ሲያውጁ ዳኑ ይላል። ይህ በድል አድራጊው ወገን አንደበት የተነገረ ተአምር ነው፤ ድርሰት የምትጽፉ ሰዎች የሰማችሁትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ከማስቀመጣችሁ በፊት ተራኪው ማን እንደ ሆነ መጠየቅን ልመዱ።

ዐፄ ፋሲለደስ ነግሠው ኢየሱሳውያንን በመጀመሪያ ወደ ፍሬሞና ላኳቸው፤ ቀጥሎም ከአገር አስወጧቸው። ፓትርያርክ ሜንዴዝም በመንገድ በቱርኮች ተይዘው፣ በገንዘብ ተዋጅተው ወደ ሕንድ ተመለሱ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሃይማኖቴን አልለውጥም ስላሉ ተግዘው ተገደሉ። የላስታው መልክአ ክርስቶስም አዋጁ ከታወጀ በኋላ እንኳ መሣሪያቸውን አላስቀመጡም፤ ዘውዱን ፈልገው ተዋጉ፤ በኋላም ተሸነፉ። ሃይማኖቱ ከተመለሰ ጦርነቱ ለምን ቀጠለ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ቢኖር፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን ከተማቸው አደረጉ፤ ለአውሮፓውያንም በሩን ዘጉ።

የውጭው ሰው ሲወጣ ክርክሩ ወደ ቤት ውስጥ ገባ። ሱስንዮስ ያስነሡት ጥያቄ፣ መለኮትና ሥጋ እንዴት ተዋሐዱ የሚለው፣ በራሷ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ቅባትና ጸጋ፣ ካራ የተባሉ ወገኖችን ፈጠረ። ጎጃም የቅባት ሊቃውንት መናኸሪያ ሆነ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን አንዱ ንጉሥ አንዱን ወገን፣ ተከታዩ ደግሞ ሌላውን ሲደግፍ፣ መነኮሳት ሲጋዙና ሲገደሉ ኖረዋል። ክርክሩ በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪዘጋ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆየ።

በደንቀዝ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል። በሰከላ ደግሞ ፓኤዝ የቆሙበት፣ አገዎችም ላም ያርዱበት የነበረው ምንጭ ጠበል ሆኖ፣ በአጠገቡ የአቡነ ዘርዐ ብሩክ ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ከባንጃም፣ ከዳንግላም፣ ከሩቅ አገርም ሰው ወደዚያ ይወጣል። በመስኩ ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ተራውን ጠብቆ፣ በጀሪካንና በቅል ውኃውን ቀድቶ ይመለሳል።